አክተሩ ሞቷል

ፊልም አውቃለሁ። ጉራ ነው የሚል ካለ ጉራም ይሁን፤ እውነት ስለሆነ አላፍርበትም። ዳቦ ጋጋሪ ዳቦ አውቃለሁ ቢል ማንም አይቆጣውም። ሴት ልጅ፣ ያውም ሒጃብ የለበሰች፣ ፊልም አውቃለሁ ስትል ግን ሰው ሁሉ ማስረጃ አምጪ ይላታል። እኔ ማስረጃዬ ዕድሜዬ ነው።

አባቴ የመናዊ ነው፣ እናቴ የወሎ ሰው። ያደግኩት መርካቶ፣ ከአባቴ ሱቅ ጀርባ ባለች ክፍል ውስጥ ነው። ሰፈሩ ሱቁን «አረብ ቤት» ይለዋል፣ እኔን ደግሞ «አረቧ»። የአባቴ ዘመዶች ከሰንዓ ሲመጡ ከቴምሩና ከሽቶው ጋር የቪዲዮ ካሴት ይዘው ይመጣሉ፤ ሁሉም የግብፅ ፊልም ነው። በሰፈሩ ዴክ ያለው እኛ ቤት ብቻ ስለነበር ሴቶቹ ከሰዓት በኋላ ሥራቸውን እየጨረሱ ይሰበሰባሉ። ዐረብኛ የሚሰማ ግን አንድም የለም። ስለዚህ እኔ ከቴሌቪዥኑ አጠገብ ዱካ ላይ ቁጭ ብዬ እተረጉምላቸዋለሁ።

መጀመሪያ ቃል በቃል ነበር የምተረጉመው፤ ሴቶቹም ያዛጉ ነበር። አንድ ቀን ባልየው ሚስቱን ጥሏት ሊሄድ በሩ ላይ ቆሞ ስለ ዕጣ ፈንታ፣ ስለ ጨረቃ፣ ስለ ባሕር የማያልቅ ንግግር ያዘ። ሰለቸኝና «ውሸቱን ነው፤ ሌላ ሴት ይዟል» አልኩ። ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ከዚያ ወዲያ «እሱን ተይውና አንቺ ምን ትያለሽ?» ማለት ጀመሩ። ሃያሲ የሆንኩት ያን ቀን ነው፤ ቃሉን ግን ገና አላውቀውም ነበር።

ትምህርቴን ስጨርስ አባቴ ሰንዓ አጎቴ ጋ ላከኝ። እዚያ ስደርስ አረብነቴ ቀረና «ሐበሻዋ» ተባልኩ። እንደኔ ላለ ቅይጥ «ሙወለድ» የሚል ቃል አላቸው፤ ሲሉት ከንፈራቸው ሲጣመም ብታዩ! እኔም እልኸኛ ነኝ። ጋዜጣ ላይ ስለ ፊልም በዐረብኛ መጻፍ ጀመርኩ፤ ቀጥሎ ቴሌቪዥን ጠራኝ። በሳምንት አንድ ጊዜ ወንበር ላይ ተቀምጬ መጥፎውን ፊልም መጥፎ፣ ጥሩውን ጥሩ እላለሁ። ሰው መንገድ ላይ አስቁሞ ይከራከረኝ ነበር፤ አንዳንዱ ይሰድበኝ ነበር፤ ወላሂ እሱንም እወደው ነበር። ከዚያ ጦርነቱ መጣና ጣቢያውንም ወንበሩንም ወሰደብኝ። ልጄን ይዤ ሲያትል ገባሁ።

እዚህ እንጀራዬ በስልክ ማስተርጎም ነው፤ ሆስፒታል ላለ ሰው፣ ከዐረብኛም ከአማርኛም። ነፍሴ ያለችው ግን ቅዳሜ ጠዋት ነው። ሬኒየር ቫሊ የሚባል ሰፈር ውስጥ ከአንድ ግሮሰሪ ጀርባ የኛ ሰዎች ያቋቋሙት ትንሽ የአማርኛ ቴሌቪዥን አለ፤ በኢንተርኔት ላይቭ ያስተላልፋል። ስቱዲዮው በርበሬ በርበሬ ይሸታል። እዚያ ስለ ፊልም አወራለሁ። እዚህ ያለውም አዲስ አበባ ያለውም ሰው ያየኛል፤ እዚህ ጠዋት ሲሆን እዚያ ምሽት ነውና።

አንድ ነገር ግን አስቸገረኝ። እዚህ ከተማ የኛ ሰው የሠራውን ፊልም መተቸት ነውር ነው። «አበረታቺ እንጂ!» ይሉኛል። ምንድነው ማበረታታት? የሚበረታታማ መራመድ የጀመረ ሕፃን ነው። ትልቅ ሰው ካሜራ ገዝቶ፣ ሰው ሰብስቦ፣ ቲኬት ሸጦ ፊልም ካሳየኝ እውነቱን መስማት መብቱ ነው። ይህን ስል የጣቢያው ሥራ አስኪያጅ፣ በዕድሜ ከኔ የሚያንስ፣ ሁልጊዜ የሚቸኩል ሰው፣ «እህቴ፣ ኮሚኒቲ ነው እኮ» ይለኛል። ኮሚኒቲ ስለሆነማ ነው!

ሥራ አስኪያጁ ራሱ ፊልም ፕሮዲውስ ያደረገ ጊዜ ነው ነገር የመጣው። ፊልሙ እዚሁ ሲያትል የተሠራ ነው። አንድ የታክሲ ሾፌር አባት ልጁ ይታሰርበታል፤ ታሪኩ እሱ ነው። አባትየውን ሆነው የሠሩት ከተማው ሁሉ የሚያከብራቸው አንድ ጋሼ ናቸው። ጋሼ ኤርፖርት ሻትል ይነዳሉ፤ የዕድሩም ሰብሳቢ ናቸው። ሰው ሲሞት መጀመሪያ የሚደወለው ለእርሳቸው ነው። አጣርተው፣ ሽማግሌ አሰባስበው፣ መርዶ የሚያረዱት እርሳቸው ናቸው። ፊልም ላይ ሲሠሩ ይህ የመጀመሪያቸው ነበር።

ፊልሙን ኦቴሎ በሚባለው ሰፈር ባለ አዳራሽ ውስጥ አየሁት። ጅማሬው ደህና ነበር። ጋሼ መኪና ውስጥ ዝም ብለው ተቀምጠው ዝናቡን ሲያዩ፣ «ያረቢ፣ እኚህ ሰውዬስ ተሰጥኦ አላቸው» አልኩ በሆዴ። ኋላ ግን ልጃቸው መታሰሩን ሲሰሙ ደረታቸውን ይደቁ ጀመር። መሬት ላይ ወደቁ፣ ተነሡ፣ እንደገና ወደቁ። በአንድ ዓይናቸው ካሜራው ወዴት እንዳለ እያዩ «ወይኔ ልጄን!» ይላሉ። አጠገቤ የተቀመጡት ሴትዮ ሳይቀሩ ሳቃቸውን በነጠላቸው ሸፈኑት።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ስለ ፊልሙ ላወራ ገባሁ። እዚህ ላይ ስለ ልብሴ መናገር አለብኝ፤ ጥፋቱ ግማሹ የልብሴ ነው። ስቱዲዮአችን ውስጥ ከኋላዬ አረንጓዴ ጨርቅ ይሰቀልና በኮምፒውተር የከተማው ፎቅ ይተካበታል። መጀመሪያ የቀረብኩ ጊዜ አረንጓዴ ሒጃብ አድርጌ ኖሮ ሒጃቤም አብሮ ጠፋና ፊቴ ብቻውን ከፎቆቹ መሃል ተንጠልጥሎ ታየ። ሰው ስንት ሳምንት ሳቀብኝ! ከዚያ ወዲያ ጥቁር ሒጃብ በጥቁር ቀሚስ ብቻ ሆነ። ያን ቀንም ከላይ እስከ ታች ጥቁር ነኝ። ከጎኔ በስክሪኑ ላይ የጋሼ ፎቶ አለ፤ የፊልሙ ፖስተር ስለሆነ እሱም ጥቁርና ነጭ ነው።

እና ምን አልኩ? ስለ ጅማሬው አመሰገንኩ። ያቺ የለቅሶ ቦታ ላይ ስደርስ እስክሪብቶዬን አስቀመጥኩ፣ አንገቴን ደፋሁ፤ ይህ የሰንዓ አመሌ ነው፣ ከባድ ነገር ከመናገሬ በፊት ዝም እላለሁ። ከዚያ «አዝናለሁ። አክተሩ ሞቷል» አልኩ። ትወናው ነፍስ አጣ ማለቴ ነው። ፊልም የሚያወራ ሰው ሁሉ እንዲህ ይላል። «እዚያ ጋ ነው የሞተው» ብዬም ጨመርኩበት።

አሁን አስቡት። አንዲት ሴት ቤቷ ሆና ወጥ እያማሰለች ስልኳን ከፈት ታደርጋለች። ጥቁር የለበሰች ሴት አንገቷን ደፍታለች። ከጎኗ የጋሼ ፎቶ አለ። «አዝናለሁ… ሞቷል።» ከዚህ በኋላ ማን ፊልሙን ይሰማል? ማማሰያው ወደቀ፣ ስልክ ተነሣ።

የኛን ሰው ደግሞ ታውቁታላችሁ። መርዶ በስልክ አይነገርም። ስለዚህ ከዋይት ሴንተር እስከ ሬኒየር ቫሊ ሰው ሁሉ እርስ በርሱ ኮል ሲደራረግ የጋሼ ባለቤት ጋ ደውሎ «እውነት ነው ወይ?» ያለ አንድ ሰው የለም። ነውራ! ሚስት ባሏ መሞቱን በስልክ ትስማ? የጋሼ ስልክ ዝግ ነው፤ ሥራ ላይ ስልክ አይከፍቱም። እንዲህ ያለውን ወሬ የሚያጣራው ማነው እንዳትሉኝ፤ የሚያጣሩት እርሳቸው ነበሩ።

እኔ ይህን ሁሉ አላውቅም። ኦቴሎ ባቡር ጣቢያው አጠገብ ሳምቡሳዬን እየበላሁ ሳለ ልጄ ደወለችልኝ። «ማም» አለችኝ በእንግሊዝኛዋ፣ «ሰውዬውን ገደልሽው እኮ!» የተቆጣ ሰው የጻፈብኝ መስሎኝ ሳቅኩ። «የምሬን ነው» አለች፣ «ለቅሶ ሊሄዱ መኪና እየተጠራሩ ነው።» አስተግፊሩላህ! ሳምቡሳውን ጣልኩትና ዋይት ሴንተር ወዳለው የጋሼ ቤት በረርኩ።

መንገዱ ዳርና ዳር መኪና ሞልቶ ፓርክ የማደርግበት አጣሁ። ሽማግሌዎቹ ቀድመውኝ ገብተው አርድተዋል። እትዬ፣ የጋሼ ባለቤት፣ ሳሎን መሬት ላይ ቁጭ ብለው «የቤቴ ምሰሶ!» እያሉ ያለቅሳሉ። እኔ በሩ ላይ ቆሜ «አልሞቱም! ኧረ አልሞቱም!» ብዬ ጮህኩ። ምን ይሆናል መሰላችሁ? ጥቁር ለብሻለሁ፣ እየጮህኩ ነው። ሴቶቹ ከግራና ከቀኝ አቀፉኝ። «እሷም አላመነችም» ይላሉ። «አልቅሺ እህቴ፣ አልቅሺ፣ ይውጣልሽ!» በነገሩ ግራ ተጋብቼ እኔም አለቀስኩ። ምን ላድርግ?

ሽማግሌዎቹ ተራ በተራ ስለ ሟች ይናገሩ ነበር። ጥቂት ቆይቶ ከጋራዥ ወደ ሳሎን የሚያስገባው በር ተከፈተና ጋሼ የመኪና ቁልፋቸውን እንደያዙ ብቅ አሉ። የተነሣውን ጩኸት እንዴት ልንገራችሁ! አንዷ «በስመ አብ!» ብላ ሶፋው ላይ ተዘረጋች። እትዬ ተነሥተው ፊታቸውን፣ ትከሻቸውን፣ እጃቸውን ዳሰሱ፣ ሳሙ፣ እልል አሉ። እልልታው ሲያልቅ ዞረው እኔን አዩኝ።

«አንቺ» አሉኝ፣ «ባሌን በቴሌቪዥን ትቀብሪው?»

«እትዬ፣ እኔ እኮ ስለ ፊልሙ ነው የተናገርኩት» አልኩ።

«እና ስለ ፊልሙስ ቢሆን ሞተ ይባላል? ይብሳል እንጂ!»

እውነታቸውን ነው፤ ይብሳል።  ጋሼ ግን ሰው ሁሉ እየሳቀም እያለቀሰም ሲያቅፋቸው እኔን አሻግረው ያዩኝ ነበር። ስድብ ቢሰድቡኝ ይቀለኝ ነበር። በዚያው ምሽት አዲስ አበባ እህታቸው ደጅ ላይ የድንኳን ብረት ወርዶ እንደነበር ሰማሁ፤ በሕይወት አሉ ሲባል መልሰው ጫኑት።

ሰኞ ዕለት ሥራ አስኪያጁ ጠራኝ። «ሶ» አለ፣ «ሁለት ነገር ነው የምንፈልገው። ቅዳሜ ላይቭ ገብተሽ፣ አንደኛ፣ ጋሼ በሕይወት አሉ ትያለሽ። ሁለተኛ፣ ፊልሙ ላይ ጥሩ ሠርተዋል ትያለሽ። ኦኬ?»

«አንደኛውን እላለሁ» አልኩት። «በሕይወት አሉ፣ አልሐምዱሊላህ። ጥሩ ሠርተዋል ግን አልልም።»

«ለምን?»

«አልሠሩማ!»

ጠረጴዛውን በጣቱ መታ መታ አደረገ። «እህቴ፣ ሰውየውን ከከተማው ፊት አዋርደሻቸዋል። ሁለተኛውን ካላልሽ ፕሮግራሙ በዚያው ይዘጋል። የኔ ፊልም ስለሆነ አይደለም።» የሱ ፊልም ስለሆነ ነው፤ ግን እሱ ብቻውን አልነበረም። ቦርዱም ሽማግሌዎቹም ከሱ ጋር ናቸው።

ቤቴ ገብቼ ተናደድኩ፣ ዕቃ አጠብኩ፣ ያጠብኩትን ደግሜ አጠብኩ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ፈርቼ ነበር። ወንበሬን አንዴ ጦርነት ወስዶብኛል። በዚህ ዕድሜዬ ሦስተኛ አገር ሄጄ እንደገና አልጀምርም። ቅዳሜን ቢወስዱብኝ የቀረኝ የሰው ሕመም ከአንድ ቋንቋ ወደ ሌላው ማመላለስ ብቻ ነው። ግን ደግሞ ያልሆነውን ሆነ ብዬ ከተቀመጥኩ ያ ወንበር ምን ያደርግልኛል? ልጄ «አንድ ዓረፍተ ነገር ነው እኮ ማም፣ በይና ጨርሺው» አለችኝ። አንድ ዓረፍተ ነገር! ሥራዬ እኮ እሱ ነው።

ጋሼ ጋ ደወልኩ። «ጋሼ፣ ቅዳሜ ፕሮግራሜ ላይ ይምጡልኝ፤ ከፊትዎ ቆሜ ይቅርታ ልጠይቅ» አልኳቸው።  «እመጣለሁ» ብለው ዘጉት። ሊያዋርዱኝ ይሁን ሊታረቁኝ ከድምፃቸው መለየት አልቻልኩም።

ቅዳሜ ሱፋቸውን ለብሰው፣ ከረባት አስረው መጡ። እኔ ልጄ የመረጠችልኝን ብርቱካናማ ሒጃብ አድርጌያለሁ። ስቱዲዮው ጥግ ጥጉን ሰው ቆሞበታል። ሥራ አስኪያጁ ከካሜራው ጎን ነው። ቀይዋ መብራት በራች።

«እኚህ ጋሼ ናቸው» አልኩ። «በሕይወት አሉ፤ ዕድሜ ይስጣቸው። እኔ የተናገርኩት ስለ ትወናቸው ነበር። በጥቁር ልብሴና በአነጋገሬ ምክንያት ባለቤታቸውን አስለቅሻለሁ፣ እህታቸውን አስደንግጫለሁ። እትዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ጋሼ፣ እርስዎም ይቅር ይበሉኝ።»

በዚህ አበቃሁ። ሥራ አስኪያጁ ሁለት ጣቱን አነሣ፤ ሁለተኛውን በይ ማለቱ ነው። አየሁት። አሁንም አነሣ፣ በሌላ እጁ አንገቱን ቆረጥ አደረገልኝ። ፊቴን ወደ ጋሼ መለስኩ።

«እኔም የምናገረው አለኝ» አሉ ጋሼ።

«ይናገሩ» አልኩ። በቃ፣ መጣ አልኩ በሆዴ።

«ያን ቀን ቤቴ ስደርስ መኪናው ሁሉ በሬ ላይ ተደርድሯል። አገር ቤት ያለችው እህቴ ታማ ተኝታ ነበር፤ እሷ ያረፈች መሰለኝ። በጋራዥ ገባሁ። የሳሎኑን በር ልከፍት ስል ስሜን ሰማሁ። ‹ነበር› ሲሉኝ ሰማሁ። ያን ጊዜ ገባኝ።» ወደ ካሜራው ዞረው «ባለቤቴ ይቅር ትበለኝ» አሉ፣ «ያኔውኑ መግባት ነበረብኝ። አልገባሁም። ቆሜ አዳመጥኩ።»

አንድ ሰው ከጥግ «ውይ!» አለ። እትዬ ቤታቸው ሆነው ምን እንዳሉ ኋላ ነግረውኛል፣ እዚህ አይጻፍም።

«ደግ ነበር አሉ» ቀጠሉ ጋሼ። «ለተቸገረ ደራሽ ነበር አሉ። የሰው ሬሳ አገር ቤት ሲላክ የሚሯሯጠው እሱ ነበር አሉ። እግዜር ይስጣቸው፣ የሠራሁትን ነው ያሉት። እኔ ግን ጋራዡ ውስጥ ቆሜ አንዲት ቃል ነበር የምጠብቀው። ከልጅነቴ ጀምሮ የተመኘኋት፣ በስተርጅናዬ ያገኘኋት ነገር አለችኝ። አንድ ሰው እንኳ ‹ተዋናይ ነበር› ይላል ብዬ ጠበቅኩ። ሁሉም ፊልሙን አይተዋል። ማንም አላለም።»

ሥራ አስኪያጁ ጣቶቹን አወረደ።

ጋሼ ወደኔ ዞሩ። «አንቺ ነሽ ያልሽው፣ የኔ ልጅ። ‹አክተሩ ሞቷል› ነው ያልሽው። ሰዉ ‹ሞቷል› የሚለውን ሰማ። እኔ ቤቴ ገብቼ ፕሮግራሙን ሳየው ‹አክተሩ› የሚለውን ሰማሁ።»

እንባዬ መጣ። በላይቭ አልቅሼ አላውቅም፤ መጣ፣ ተውኩት።

«በይ አሁን» አሉኝ፣ ወንበራቸውን ወደኔ ጠጋ እያደረጉ፣ «እዚያ ቦታ ላይ ምን ማድረግ ነበረብኝ?»

«ደረትዎን መምታት አልነበረብዎትም፣ ጋሼ» አልኳቸው። «መውደቅም፣ መጮህም። እህቴ አረፈች ብለው ጋራዡ ውስጥ የቆሙ ጊዜ ጮኹ?»

«አልጮህኩም።»

«ምን አደረጉ?»

ሊመልሱ አፋቸውን ከፈቱ፣ ቃል አልወጣቸውም። እጃቸው ከጉልበታቸው ላይ ተነሥቶ፣ የሌለ የበር እጀታ ፈልጎ፣ እዚያው አየር ላይ ቀረ።  ካሜራዋ እርሳቸው ላይ ነበረች።

«ይኸው» አልኳቸው። «አሁን ጥሩ ሠሩ።»